ፑንታውን ያቃጠለው ቅቡ አይደለም፦ «የመቁረጫ ቅብ ቀለም ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ የቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ሰዎች መካከል አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ለእኔ ሦስት ወዳጆቼ በየፊናቸው ላኩልኝ። አንደኛው «ይኸው፣ ስትከራከረኝ የኖርከውን ሰውየው ቁጭ አድርጎልሃል» ብሎ ጨምሮበታል። ጸሐፊው ደሴ ላይ የራሳቸው ወርክሾፕ ያላቸው፣ በሥራ የተፈተኑ ሰው ናቸው። ስማቸውን አላነሳም። ክርክሬ ከጻፉት ጋር ነው።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። በፑንታ (በመብሻው)፣ በፍሬዛ ማሽን መቁረጫና በካርባይድ ኢንሰርት (መያዣ ላይ በሚታሰረው ትንሽ ጠንካራ የመቁረጫ ቁራጭ) ላይ የምናየው ወርቃማ ወይም ጠቆር ያለ ቅብ ገዢ መሳቢያ ቀለም ነው። ውፍረቱ ሁለት ሦስት ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ስለሆነ ብረት በሚቆርጥ መሣሪያ ላይ ምንም አይጨምርም። አንዴ ከተሳለ ይጠፋል፤ ስለዚህ እየሳልን ለምንጠቀም ለእኛ ብር ማባከን ነው። የግድ መግዛት ካለብን ጥቁሩን እንግዛ፣ ከሁሉም ጠንካራው እሱ ነው። ቅብ ያለው መሣሪያ ውሃም ዘይትም አይፈልግም። በዚያ ላይ የእኛ ቶርኖዎች አሮጌና ቀርፋፋ ስለሆኑ ነገሩ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ጉዳይ ነው። በመጨረሻ ጸሐፊው ያደረጉትን ሙከራ ይነግሩናል። አንድ ወርቃማና አንድ ተራ ባለ 10 ሚሊ ፑንታ ገዙ። በእጅ ድሪል ብረት በሱበት። ወርቃማው ቀድሞ ተቃጠለ።

ቅንነታቸውን አልጠራጠርም። ለባልደረቦቻቸው ብር ተቆርቁረው ነው የጻፉት። የምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ አንድ ኢንሰርት መስበር ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እኔም የምመልሰው ለዚያው ብር ተቆርቁሬ ነው። ምክራቸውን የሰማ ሰው ርካሹን እየገዛ ብዙ ያወጣል ብዬ እሰጋለሁ።

እስቲ ከቃሉ ልጀምር። «ቅብ» ስንል ጆሯችን ቶሎ «ወርቅ ቅብ»ን ያስታውሳል። ወርቅ ቅብ ደግሞ በእኛ ዘንድ የማታለል ሌላ ስሙ ነው። ላዩ ወርቅ፣ ውስጡ ነሐስ። የመቁረጫ ቅብ ግን እንዲያ አይደለም። ወርቃማው ታይታኒየም ናይትራይድ ይባላል። አየሩ ተመጥጦ በወጣበት ክፍል ውስጥ ታይታኒየም ይተንና ናይትሮጅን ጋዝ ይለቀቅበታል። ሁለቱ ተዋህደው መሣሪያው ላይ ያርፋሉ። የሚሆነውም ከብረቱ ከራሱ እጅግ የሚጠነክር ስስ ሽፋን ነው። ወርቃማነቱ የተፈጥሮ መልኩ ነው፤ ማንም ቀለም አልጨመረበትም። በጥፍር አይፋቅም፣ በቲነር አይለቅም።

«ሁለት ማይክሮን ምን ይፈይዳል?»

ስለ ውፍረቱ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ነው። በቫኪዩም የሚሠራው ቅብ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 5 ማይክሮን ነው። በጋለ ጋዝ የሚሠራውና በቶርኖ ኢንሰርቶች ላይ የምናየው ወፍራሙ እንኳን ከ5 እስከ 20 ማይክሮን ነው። ስህተቱ ያለው «ስለዚህ ጥቅም የለውም» ያሉት ላይ ነው።

ምጣድ እናስብ። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ ሲገዙ በጎመን ዘር ያሟሹታል። ሲጋግሩም በየመሃሉ በማሰሻ ያሹታል። ምጣዱ ላይ የሚቀረው ሽፋን በዓይን የሚለካ አይደለም። እሱ ከሌለ ግን እንጀራው ይይዛል፣ ሲነሳም ይቀደዳል። እንጀራውን የሚያስለቅቀው የሸክላው ውፍረት ሳይሆን የላይኛው ፊቱ ነው። መቁረጫም እንደዚያው ነው። ፍልሚያው ያለው ፊቱ ላይ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ካርባይድ ኢንሰርት አለቀ የሚባለው መቼ ነው? አይኤስኦ 3685 የሚባለው ዓለም አቀፍ የሙከራ ደረጃ የሚጠቀምበት መለኪያ አለ። ከሥራው፣ ማለትም ከሚቆረጠው ብረት፣ ጋር የሚፋተገው ጎኑ ላይ የሚታየው የመበላት ስፋት በአማካይ 0.3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ፣ ዕድሜው አበቃ ይባላል። አሁን ኢንሰርቱ ከሥራው ጋር የ6 ዲግሪ ክፍተት አለው እንበል። ያ 0.3 ሚሊ ስፋት ያለው ጠባሳ ወደ ውስጥ ሲለካ ስንት ነው? 30 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው። ማለትም መሣሪያው የሚሞተው ከፀጉር ግማሽ በማይሞላ ጥልቀት ነው። ከዚህ ጋር ሲተያዩ የ5 ወይም የ10 ማይክሮን ሽፋን እንዴት ኢምንት ይባላል?

ያ ሽፋን ሥራውን የሚሠራው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው መፋቅን መከላከል ነው። ሃይ ስፒድ የምንለው የፑንታ ብረት በቪከርስ መለኪያ 850 አካባቢ ጥንካሬ አለው። ካርባይድ 1,500 አካባቢ ነው። ታይታኒየም ናይትራይድ 2,300 አካባቢ ይደርሳል፤ አሉሚኒየም የገባበት ጠቆር ያለው ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። በብረት ውስጥ ያሉት ጠጣር ቅንጣቶች እንደ አሸዋ ናቸው። ለስላሳውን ይፍቃሉ፣ ጠንካራውን ያልፉታል።

ሁለተኛው መጣበቅን መከላከል ነው። በዝግታ ስንቆርጥ ከሥራው የሚነሳው የብረት ልጣጭ ጠርዙ ላይ ይጣበቃል፣ ይቆለላል። ከዚያ ቁልሉ ተገንጥሎ ሲሄድ የጠርዙን ቁራጭ ይዞ ይሄዳል። ታይታኒየም ናይትራይድ ከብረት ጋር ቶሎ አይዋደድም። ልጣጩ ሸርተት ብሎ ይወጣል።

ሦስተኛው ሙቀትን የሚመለከት ነው። በፍጥነት ስንቆርጥ ልጣጩ ከኢንሰርቱ ፊት ጋር የሚነካካበት ቦታ ይግላል። ያኔ ካርባይዱ ውስጥ ያለው ካርቦን ወደ ጋለው ልጣጭ እየሟሟ ይወጣል። የኢንሰርቱ ፊት ላይ እንደ ትንሽ ጉድጓድ የምናየው መቦርቦር የዚህ ውጤት ነው። ቅቡ መሃል ገብቶ ይህን መንገድ ይዘጋዋል። እ.ኤ.አ. በ1969 ገበያ ላይ የወጡት የመጀመሪያዎቹ ቅብ ኢንሰርቶች በታይታኒየም ካርባይድ የተሸፈኑት ለዚሁ ነበር። በ1970ዎቹ ደግሞ ሙቀትን ይበልጥ የሚችለው አሉሚኒየም ኦክሳይድ ተጨመረ።

የፑንታው ተራ የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ። ምክንያቱ ራሱ ነገሩ ቀለም አለመሆኑን ያሳያል። የኢንሰርቱ ቅብ የሚሠራው 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነበር። ሃይ ስፒድ ብረት ግን ጥንካሬውን የሚያገኘው 550 ዲግሪ አካባቢ በሚደረግለት የመጨረሻ ሙቀት ነው። እዚያ ምድጃ ውስጥ ቢገባ ይበላሻል። ስለዚህ ከ500 ዲግሪ በታች የሚሠራው የቫኪዩም ዘዴ እስኪበስል ድረስ ፑንታ ያለ ቅብ ኖረ።

«አንዴ ከተሳለ አለቀ»

ይህን ነጥብ ብዙ ሰው ስለሚያምንበት ረጋ ብዬ ልሂድበት። አንድ ፑንታ አንሡና መስኮት አጠገብ ያዙት። ጫፉ ላይ ሁለት ከንፈሮች አሉ። እያንዳንዱ ከንፈር የሁለት ፊቶች መጋጠሚያ ነው። አንደኛው ፊት ጫፉ ላይ ወደ ኋላ ያዘነበለው ጀርባ ነው። ድንጋይ ላይ የምናስነካው እሱን ነው። ሁለተኛው እየተጠማዘዘ ወደ ላይ የሚሄደው ቦይ ነው። ልጣጩ ተንሸራቶ የሚወጣው በእሱ ነው።

ስንስል ጀርባው ይላጣል። ነጩ ብረት ይታያል። እዚህ ድረስ ጸሐፊው እውነት አላቸው። ቦዩን ግን ድንጋዩ አይነካውም። ከታች እስከ ላይ ወርቃማ እንደሆነ ይቀራል። ከንፈሩ በተሳለ ቁጥር ወደ ኋላ እያፈገፈገ ያንኑ ወርቃማ ቦይ ያገኛል። አዲስ የሚወለደው ጠርዝ አንድ ጎኑ ነጭ፣ አንድ ጎኑ አሁንም ወርቃማ ነው። ልጣጩ የሚፋተገው ደግሞ በወርቃማው በኩል ነው። ስለዚህ የተሳለ ወርቃማ ፑንታ እንደ አዲሱ ባይሆንም ከተራው ይሻላል። አሳሳሉ ከተስተካከለ ማለቴ ነው። አንዱ ከንፈር ከሌላው ከረዘመ ሥራውን ሁሉ ብቻውን ይሸከማል። ቀዳዳውም ይሰፋል። ያኔ ቅቡን መውቀስ ግፍ ነው።

ኢንሰርት ላይማ ጥያቄው አይነሳም። ኢንሰርት አይሳልም፤ ዞሮ ሌላው ጠርዙ ይሠራል። አልቆ ሲያበቃ ይወገዳል። በድንጋይ የሳልነው ቅብ ኢንሰርት ካለ ግን የጸሐፊው አባባል ለእሱ ይሠራል።

አሁን ወደ ሙከራው ልምጣ። ሰውን ያሳመነው ይሄ ይመስለኛል። «በዓይኔ ያየሁትን» የሚል ሰው ደግሞ ይከበራል። እኔም አከብራለሁ። ግን ሦስት ነገር መጠየቅ አለበት።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ያ ፑንታ ከምን የተሠራ ነው? ወርቃማ መልክ ማምጣት ቀላል ነው። ተራ ብረት አየር ላይ 230 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ ራሱ ገለባ የመሰለ ቢጫ ያወጣል። ላዩ እውነተኛ ታይታኒየም ናይትራይድ ሆኖ ሥሩ ተራ ብረት የሆነም ሊኖር ይችላል። የጎጆ ቤት ጣሪያው በቆርቆሮ ቢለበጥ ምሰሶው ከበሰበሰ ምን ዋጋ አለው?

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ገበያ ላይ አንድ ካርቶን ወርቃማ ፑንታ ገዛሁ። የመጀመሪያው ፑንታ ተራ የአንግል ብረት ላይ ከንፈሩ ታጠፈ። ተሰበረ አላልኩም፣ ታጠፈ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ሦስተኛውን አወጣሁና ወደ መሳያው ድንጋይ ወሰድኩት። አጠገቡ አንድ የማውቀውን የድሮ ሃይ ስፒድ ፑንታ አስቀመጥኩ። መብራት አጠፋን። የድሮውን ሳስነካው ብልጭታው አጭርና ደብዘዝ ያለ ቀይ ነበር፤ ከድንጋዩ ብዙ ሳይርቅ ይጠፋል፣ ጫፉ ላይ አይበተንም። ወርቃማውን ሳስነካው ግን ቤቱ በራ። ደማቅ ነጭ ቢጫ ብልጭታ፣ እንደ ደመራ ፍንጣሪ ጫፍ ጫፉ ላይ ኮከብ እየሆነ የሚበተን። ይህ የካርቦን ብረት ምልክት ነው። ሃይ ስፒድ አልነበረም። ቅቡ እውነተኛም ይሁን አይሁን፣ ሥሩ ግን ለስላሳ ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ጋሼ፣ እኛ ቅቡን ስንወቅስ ኖረናል» አለኝ። ያን ቀን የተማርኩት እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ወርቃማ ፑንታ ስገዛ ከካርቶኑ አንዱን ድንጋይ ላይ ሳላስነካ አልጀምርም። ከቅቡ ሥር እስኪገባ ድረስ ጫን አድርጎ ማስነካት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ በስንት ዙር ነው የበሱት? የእጅ ድሪል ብለዋል። ብዙዎቹ የእጅ ድሪሎች ማስነሻቸው ሙሉ በሙሉ ሲጫን በደቂቃ እስከ 2,800 ዙር ይሄዳሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው። የፑንታውን ውፍረት በሚሊ ሜትር በ3.14 አባዙት። በዙሩ አባዙት። ለ1,000 አካፍሉት። ለ10 ሚሊ ፑንታ 88 ይመጣል። ማለትም የፑንታው ዳር በደቂቃ 88 ሜትር ብረት እየፋቀ ይሄዳል። ለስላሳ ብረት ላይ ለሃይ ስፒድ ፑንታ የሚመከረው ግን 25 ሜትር አካባቢ ነው። ቅብ ሲኖረው ትንሽ ከፍ ማድረግ ይቻላል። 25 ሜትር ለማግኘት 10 ሚሊ ፑንታ በ800 ዙር ገደማ መዞር አለበት። ጸሐፊው ድሪሉን ሙሉ ከጫኑት በሦስት እጥፍ ተኩል ፍጥነት ነው የበሱት።

ፍጥነት ዕድሜን እንዴት እንደሚበላ የሚያሳይ የታወቀ ቀመር አለ። አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ቴይለር ለ26 ዓመት ብረት ሲቆርጥና ሲመዘግብ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1907 ያሳተመው ነው። በዚያ ቀመር ለሃይ ስፒድ ብረት ስናሰላ፣ ፍጥነቱን በ10 በመቶ ብቻ ከፍ ማድረግ የመሣሪያውን ዕድሜ ከግማሽ በታች ያወርደዋል። አሥር በመቶ! ካርባይድ ትንሽ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን 20 በመቶ ሲጨመርበት ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። በሦስት እጥፍ ተኩል ሲሄድማ ቀመርም አያስፈልግም። ሃይ ስፒድ ብረት 600 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። ሥሩ ከለሰለሰ ላዩ ያለው ስስ ሽፋን የሚደገፍበት የለውም። ይሰነጠቃል፣ ይላጣል። ያ ፑንታ የተቃጠለው በፍጥነት ነው።

ሦስተኛውን ጥያቄ ባጭሩ ልለፈው። አንድ ለአንድ ሙከራ አይበቃም። ሁለት ፑንታ አንድ ላይ ከአንድ ካርቶን ወጥቶ እንኳን ዕድሜው ይለያያል። ከየዓይነቱ አምስት አምስት፣ በአንድ ብረት ላይ፣ በአንድ ዙር፣ በቆመ ትራፓኖ (በቋሚ መብሻ ማሽን) ይሞከር። ያኔ እንነጋገራለን።

«ጥቁሩ ይሻላል፣ ጠንካራው እሱ ነው»

ይህ ምክር ካለፈው ሁሉ ይልቅ አሳስቦኛል፤ ምክንያቱም ሰው ተከትሎት ውድ ነገር ይገዛል። ጠቆር ያለው ታይታኒየም አሉሚኒየም ናይትራይድ ግሩም ቅብ ነው። ግን ግሩምነቱ በሙቀት ነው። ወርቃማው 600 ዲግሪ አካባቢ በአየር መበላት ሲጀምር፣ ጠቆር ያለው እስከ 800 ዲግሪ አካባቢ ይዘልቃል። ሲግል ውስጡ ያለው አሉሚኒየም ወደ ላይ ወጥቶ ከአየሩ ጋር ይዋሃድና መከላከያ ሽፋን ይሠራለታል። ስለዚህ በፍጥነት፣ በሙቀት፣ ጠንካራ ብረት ላይ ለሚሠራ ካርባይድ የተፈጠረ ነው። በ300 ዙር በዝግታ ለሚሠራ ሰው ያ ችሎታው አይነሳም። እሱ ወርቃማውን ቢገዛ ይበቃዋል።

አሉሚኒየም ለሚቆርጥ ሰውማ ጥቁሩ ጉዳት ነው። አንድ ጊዜ የአሉሚኒየም ፑሊ በፍሬዛ ስሠራ እጄ ላይ የነበረው ጠቆር ያለ መቁረጫ ብቻ ነበር። «ጠንካራ ነው፣ ምን ይሆናል» ብዬ ጀመርኩ። ጥቂት እንደሄደ ድምፁ ተለወጠ። አቁሜ ሳየው ቦዮቹ በአሉሚኒየም ተደፍነዋል። በመርፌ ጫፍ ለመፈልቀቅ ብሞክር እንቢ አለ፤ ተበይዷል ማለት ይቻላል። ለአሉሚኒየም የሚሻለው ቅብ የሌለው፣ ቦዩ እንደ መስታወት የተወለወለ፣ ስል መቁረጫ ነው። ነጭ ጋዝ ጠብ ጠብ ይደረግለት። እዚህ ላይ ጸሐፊው «ያለ ቅብ ይሻላል» ቢሉ ኖሮ እጃቸውን በጨበጥኩ ነበር።

ጥንካሬ ብቻውን ቢሆንማ ሁላችንም አልማዝ እንገዛ ነበር። ከአልማዝ የሚጠነክር የለም። ግን የአልማዝ መቁረጫ ለብረት አይሆንም። አልማዝ ካርቦን ነው፣ ብረት ሲግል ደግሞ ካርቦን ይበላል።

ስለ ውሃና ዘይቱ ያሉት ግማሹ ልክ ነው። በከፍተኛ ፍጥነት የሚሠራ ባለ ጥቁር ቅብ ካርባይድ ብዙ ጊዜ በደረቁ ይሠራል። ሃይ ስፒድ ፑንታ ግን ወርቃማ ቢሆንም ዘይቱን ይፈልጋል፤ ያለ ዘይት ልጣጩ ከቦዩ እንደልብ አይወጣም። ትልቁ ጉዳት ያለው ግን በመሃል ነው፤ እኛ ጋ በየወርክሾፑ የምናየው ነገር። የሃይላንድ ክዳን በምስማር ይበሳል። ውሃ ይሞላል። ልጁ ጭስ ሲያይ ጭር ያደርግበታል፣ ከዚያ ወደ ስልኩ ይመለሳል። እንደገና ጭስ፣ እንደገና ጭር። የጋለ ካርባይድ ላይ እንዲህ መሃል መሃል ውሃ ሲረጭበት፣ ፊቱ ድንገት ይኮማተራል፣ ውስጡ ግን እንደጋለ ነው። ይሰነጠቃል። ኢንሰርቱን በአጉሊ መነጽር ብታዩት ከጠርዙ ወደ ውስጥ የገቡ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ስንጥቆች ታያላችሁ። ከዚያ ጠርዙ ይሸረፋል። ካርባይድ ላይ ወይ ሳያቋርጥ በብዛት ይፍሰስ፣ ወይ ከነአካቴው ይቅር።

«የእኛ ቶርኖ አሮጌ ነው»

እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ያሉን ቶርኖዎች ብዙዎቹ የተንገላቱ ናቸው። ኩሽኔታቸው የላላ፣ መንሸራተቻቸው የተበላ። ካርባይድ ጠንካራ ነው ግን ቻይ አይደለም፤ መንቀጥቀጥ ይሸርፈዋል። ቅቡ ከዚህ አያድነውም። በጋለ ጋዝ የሚሠራው ወፍራም ቅብ ደግሞ ጠርዙ ሆን ተብሎ ትንሽ የተድቦለቦለ ነው፤ ካልሆነ ሽፋኑ ጠርዙ ላይ ይላጣል። የተድቦለቦለ ጠርዝ ጠንከር ያለ ግፊት ይፈልጋል። በላላ ቶርኖ ስስ የመጨረሻ ልጣጭ ለማንሳት ስል የሆነ፣ ስስ ቅብ ያለው ወይም ቅብ የሌለው ኢንሰርት ይሻላል። እስማማለሁ።

ግን ለዚህ ችግር መፍትሔው ምንድነው? ብዙ ጊዜ በእጃችን ያለ ነው። የመቁረጫው መያዣ ከማሰሪያው የሚወጣበትን ርዝመት እንይ። ርዝመቱ በእጥፍ ሲጨምር መታጠፉ በስምንት እጥፍ ይጨምራል። ሥራውን ሳያዩ መያዣውን አርቀው ያሰሩ ስንቶቹን አይቻለሁ! ጣት በምታህል አሳጥሮ ማሰር ብቻ የመንቀጥቀጡን ጩኸት ብዙ ጊዜ ይቀንሰዋል።

አንድ ምሳሌ ከእኛው ቀዬ። ከደሴ ሐረጎን ቁልቁል የሚወርድ የጭነት መኪና ፍሬኑን ይዞ ነው የሚወርደው። ኮምቦልቻ ሲደርስ የፍሬን ሽታው ይቀድመዋል። የእነዚያ መኪኖች የፍሬን ታምቡሮች (ከበሮዎች) ናቸው ወደ እኛ ቶርኖ የሚመጡት። ጊዛ (ካስት አይረን) ናቸው። ጊዛ በራሱ ለመቁረጥ ቀና ነው። ግን በተደጋጋሚ ግለው የቀዘቀዙ ታምቡሮች ፊታቸው ላይ ሰማያዊ ጥቁር ነጠብጣብ ይይዛሉ። ነጠብጣቡ ያለበት ቦታ ጊዛው ከሙቀቱ የተነሳ ደንድኖ ነው። መቁረጫው ለስላሳውን ሲሄድ ይቆይና ድንገት ነጠብጣቡን ያገኛል። ጠክ። ለስላሳ። ጠክ። ታምቡር የሠራ ሰው ድምፁን ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ «ብረቱን እንዳልጎዳ» ብሎ በስሱ ይጀምራል። ኢንሰርቱ የደነደነውን ፊት ሲፍቅ ይውላል፣ ያልቃል። ሌላው ለታምቡሩ የተፈቀደው የመጨረሻ ስፋት እስካልታለፈ ድረስ፣ በመጀመሪያው ጉዞ ከደነደነው ፊት ሥር ገብቶ ከለስላሳው ነው የሚያነሳው። ጊዛ ላይ ደግሞ ባለ አሉሚኒየም ኦክሳይዱ ወፍራም ቅብ የታወቀ ነው። መፋቅንና ሙቀትን አብሮ ይችላል። ሁለተኛው ሰው በዚያ ኢንሰርት ሠርቶ ሲጨርስ ጠርዙ ለሌላ ታምቡር ይተርፋል። ሁለቱም ያሰሩት ያንኑ ኢንሰርት ነው።

ቀርፋፋነቱን በተመለከተም ሌላ ነገር ልጨምር። ቀዳዳ ውስጥ የብሎን ጥርስ ማውጫው ታፕ ከቶርኖ መሣሪያ ሁሉ ዝግተኛው ነው። በእጅ እንኳን ይዞራል። ቢሆንም ወርቃማ ታፕ በዓለም ላይ በብዛት የሚሸጥ ነው። ለምን? ታፕ የሚሞተው በሙቀት ሳይሆን በመጣበቅና በመፋቅ ነው። ቅቡ ያንን ይቀንስለታል። ታፕ ቀዳዳ ውስጥ ተሰብሮበት የወፍጮ ቤት ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። የወፍጮው ዘንግ ካልተሠራ የሰፈሩ እህል አይፈጭም። ስለዚህ «ቀርፋፋ ስለሆንን ቅብ አያስፈልገንም» የሚለው በፑንታና በታፕ ላይ አይሠራም። ቀርፋፋነት የሚለውጠው የትኛውን ቅብ እንደምንመርጥ ነው።

ስለ ዋጋው አንድ ነገር ብቻ። ጸሐፊው ያወዳደሩት የአንዱን ፑንታ ዋጋ ከሌላው ጋር ነው። መወዳደር ያለበት የአንድ ቀዳዳ ዋጋ ነው። ባለ ቅቡ እጥፍ ዋጋ አለው እንበል። ቀዳዳውም እጥፍ ከሆነ ተካክለናል። ከዚያ በላይ የበሳልን ከሆነ አተረፍን፤ ያነሰ ከሆነ ከሰርን። የመሳያ ጊዜውም ይቆጠር። ይህንን ማንም በራሱ ወርክሾፕ ሊያውቀው ይችላል። ግድግዳ ላይ በጠመኔ ማስመር ነው።

ለጸሐፊው ራሳቸው የማቀርበው ግብዣ አለ። ያንን ወርቃማ ፑንታ ካልጣሉት ይዘውት ሐረጎን ይውረዱ። ካርቶኑ ካለ ከነካርቶኑ ይምጣ። መጀመሪያ ጫፉን ድንጋይ ላይ አስነክተን ብልጭታውን አብረን እናያለን። ሃይ ስፒድ ከሆነ በልኩ አስልተነው፣ ትራፓኖውን 800 ዙር ላይ አድርገን፣ ዘይት እየሰጠን እንበሳለን። ቀዳዳውን እርስዎ ይቁጠሩ። ቡናው በእኔ ነው።